የሰኔውን ጉርሻ በታኅሣሥ

ልጄ፣ ሩዙን ወቅተህ መጨረስህን ሰማሁ። እንኳን አበቃህ። በሚመጣው የገበያ ቀን ሁሉንም ጭነህ ወረታ ልታደርሰው ማሰብህንም ነግረውኛል። ከመጫንህ በፊት ቁጭ በልና ስማኝ። ገበያው አይሸሽም፤ የሩዝ ወፍጮዎቹም እዚያው ወረታ እየጮኹ ይቆዩሃል።

ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በበዓታ ለማርያም፣ ቤትህ ሴት ልጅ ገብታለች። እስኪ በጣትህ ቁጠር። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እያልህ ስትሄድ ስድስተኛ ወሯ ሰኔ 3 ቀን ይሞላል። ሰኔ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ለፎገራ ሰው አይነገርም። የጎተራው ወለል የሚታይበት፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚደፈርሱበት፣ አንተም ባለቤትህም ጎሕ ሲቀድ ማሳ ወርዳችሁ ከጭቃ ጋር የምትውሉበት ወር ነው። ያቺ ልጅ ከጡት ሌላ የመጀመሪያ ጉርሻዋን የምትሻው በዚያን ጊዜ ነው። ጉርሻው ዛሬ፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ካልተለየላት፣ ሰኔ ላይ በየደጁ ብድር ልትጠይቅላት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለ በሬና ስለ ዘር ስናወራ ብንውል ማንም አይታዘበንም። ስለ ሕፃን ምግብ ሲሆን ግን «ይህ የሴቶች ወግ ነው» ብለህ ጋቢህን አራግፈህ ልትነሣ እንደምትችል አውቃለሁ። ሚስትህም በሆዷ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብትለኝ አልቀየማትም። እኔ ግን በጤና ረዳትነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከጣራ ገዳም ጥግ እስከ ጣና ዳር ሚዛን ተሸክሜ ሕፃን ስመዝን ኖሬአለሁ። ያየሁትን ለልጅ ልጄ ካልነገርሁ ለማን ልነግር ነው?

ክብደቱ የጎደለ፣ ቁመቱ የቀረ ልጅ ከድሃ ቤት ብቻ አይመጣም። ሩዙን በኩንታል ከሚቆጥር፣ ላሞች ከሚታለቡበት፣ ሽንኩርቱን በመኪና ከሚያስጭን ቤትም ይመጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ከመቶ 46ቱ ቀንጭረው ተገኙ፤ የአገሩ አማካይ 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. የክልላችን ቁጥር ወደ 41 ዝቅ አለ። ዝቅ ማለቱ ደግ ነው፤ ግን አስበው፣ ከዐሥር ልጆች አራቱ ናቸው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን ሊያጠፋ ቃል ገባ። ሰቆጣ ድርቅ የሚመላለስበት የዋግ ምድር ነው፤ የሰቆጣ ሰው ምክንያት አለው። እኛ ጣናን ተንተርሰን፣ በሁለት ወንዝ መካከል ተቀምጠን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ምክንያቱን እኔ ልንገርህ። ሩዙ ለማዳበሪያ ዕዳና ለድግስ ይሄዳል። እንቁላሉ ለጨውና ለቡና፣ ወተቱ ለቅቤ፣ ቅቤው ለገበያ ይሄዳል። የሕፃኑ ድርሻ ብቻ ባለቤት የለውም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ይቺ ሕፃን ግን ብትጮህም «ሆዷን ቁርጠት ያዛት» ተብሎ የአብሽ ውሃ ይቀርብላታል። የካቲት 23 ቀን ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ (የዓድዋ ቀን ላይ መዋሉ መቼም ደስ ይላል) ክርስትና ታነሣለህ፣ ጠላ ትጠምቃለህ፣ አገሩን ትጠራለህ። እኔም እመጣለሁ፤ አልዋሽህም፣ ጠላውንም እጠጣለሁ። ግን ልጅቷ ከድግሱ የምትቀምሰው ነገር የለም። ስለዚህ ድግሱን ቀነስ አድርገህ ድርሻዋን አስቀምጥ።

እስከ ሰኔ ግን ምግቧ አንድ ነው፤ የእናቷ ጡት። አባቶች «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ላም አርቢ ነህና በምታውቀው ልንገርህ። የፎገራ ላም ስትወልድ ጥጃው እንገሩን ሳይጠባ ቢቀር ምን እንደሚሆን አይተሃል። እግሩ ይብረከረካል፣ ይቀዝናል፣ ብዙም አይቆይ። ይህን ስለምታውቅ በውድቅት ተነሥተህ፣ በብርድ፣ ጥጃውን ደግፈህ ከጡቷ ሥር ታቆመዋለህ። በሰው ልጅ ጊዜ ግን ያው እንገር፣ ያ ቢጫና ወፍራም የመጀመሪያ ጡት፣ «የተኛ ወተት ነው፣ ሆድ ያማል» ተብሎ መሬት ላይ ሲታለብ ስንት ቤት አይቻለሁ! ልጁን ከበሽታ የሚጠብቀው የእናቱ መከላከያ በብዛት ያለው በዚያ ውስጥ ነው። መጠኑ ጥቂት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአራስ ሕፃን ሆድ ከዚያ በላይ አይዝም።

ባለቤትህ በወለደች አንድ ሰዓት ሳይሞላ አጥብታታለች አሉ፤ ይባርካት። አክስትህ ቅቤ በማንኪያ ይዛ «አንጀቷ ይለስልስ» ስትል አንተ ዝም ማለትህንም ሰምቻለሁ። ዝም አትበል። አክስትህን ግን አትቆጣት፤ በእናቷ ቤት ያየችውን ነው ያደረገችው። ቅቤውን ተቀበል፣ አመስግን፣ ቅል ውስጥ አኑር። ሰኔ ሲመጣ ገንፎዋ ላይ ጠብ ይደረግበታል። ቅቤ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቀኑ ስላልደረሰ ነው።

እስከ ሰኔ 3 ቀን ውሃም ቢሆን አታቅምሷት። የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ የላም ወተት፣ ቀጭን አጥሚት፣ ሁሉም ይቆይ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትና ክትባት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሚያዝያ ላይ ሜዳው ሲግል «ኧረ ልጅቷ ውሃ ጠማት» የሚል አይጠፋም። የእናት ጡት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ ነው፤ ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው እንጂ ሌላ ውሃ አያስፈልጋትም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የሜዳው የእጅ ጉድጓድ ውሃ ግን ለአንተ ለጎልማሳውም ጥሩ አይደል፣ እንኳን ለአራስ። ጸበሉንም ቢሆን ትጠመቅበት እንጂ እየተቀዳ ለመጠጥ አይሁን፤ የቁርባኑን ነገር ንስሐ አባታችሁ ያውቃሉ።

ሦስት አራት ወር ሲሆናት «ጡቷ አልበቃትም» የሚል ነገር ይመጣል። ይህን ቃል ስትሰማ ተጠንቀቅ፤ ብዙ ልጅ የተጎዳው በእርሱ በኩል ነው። ሕፃን የሚያለቅሰው ሲርበው ብቻ አይደለም። ልጅቷ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ከጠባች፣ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንቷ ከመጣ፣ በየወሩ ሲመዝኗት ከጨመረች፣ በቅቷታል። ጡት ደግሞ በተጠባ ቁጥር ይጨምራል፤ አጥሚት ስትሰጣት ያን ያህል የምትጠባውን ትተዋለች፣ ያን ጊዜ ወተቱ እውነትም ይቀንሳል። የቆርቆሮ ወተትና ጡጦ ልግዛ ትል ይሆናል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ መሆንህ ነው። ጡጦ በእኛ ውሃና በእኛ ጓዳ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ባለቤትህ ከቤት ርቃ መዋል ካለባት እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጡቷን በንጹሕ ኩባያ አልባ፣ ከድና ትሂድ። በጥላ ቦታ ቢበዛ ለአራት ሰዓት ይቆያል፤ ቤት የቀረው ሰው በኩባያና በማንኪያ ያጠጣታል።

ጡት የሚሞላው በእናትየው ሆድ በኩል ነው፤ ይህ ደግሞ የአንተ ሥራ ነው። አራስ ቤት እያለች ገንፎው፣ ቅቤው፣ የማር አጥሚቱ ይቀርብላታል። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ግን ማን ያያታል? ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሁሉ በልቶ ሲነሣ የተረፈውን ትቀምሳለች። የምታጠባ ሴት በቀን ከወትሮው ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መብላት አለባት። አቢይ ጾምም በዚያው ሰሞን ነው። የጾሙን ፍርድ ለንስሐ አባቷ ትቼዋለሁ፣ እርሳቸውን ትጠይቅ፤ እኔ የማውቀው ሰውነቷ ሌሊትም እንደማያርፍ ነው። ብትጾም እንኳ ሽሮውና ምስሩ በርከት ይበልላት፣ ጎመኑም ዘይቱም አይጉደልባት። በአንድ እጅ አይጨበጨብም። እንስራውን አንተ ብትሸከም የሚሥቅብህ ጎረቤት ይኖር ይሆናል፤ ይሣቅ።

አሁን ወደ ጎተራው እንግባ። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ከሰኔ 3 እስከ መጪው ዓመት ታኅሣሥ 3፣ ጳጉሜን ጨምረህ፣ 185 ቀን ገደማ ነው። በመጀመሪያ ትንሽ፣ እያደር ከፍ እያለ፣ በአማካይ በቀን 70 ግራም ዱቄት ያስፈልጋታል ብንል ድምሩ 13 ኪሎ አይሞላም። የአንድ ኩንታል አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ስናዝን የኖርነው ለዚህች ጥቂት እህል ነው። ለነቀዙም ለአይጡም አስበህ 20 ኪሎ ለይ። ለብቻው በንጹሕ ከረጢት አድርገህ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ላይ ስቀለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጣናና ርብ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ጎተራ ከነእህሉ ሲወሰድ አይተናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከረጢቱ ውስጥ ግን ሩዝ ብቻ አትጨምር። ሩዝ ባለውለታችን ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሲሞክሩት ያልሣቀ አልነበረም፤ ዛሬ ኤክስ-ጅግና የሚባለው የሩዝ ዘር የፎገራን ቤት ቆርቆሮ አልብሶታል፣ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ሆኖም ወፍጮው ፈልፍሎ ሲያነጣው ብዙውን ብረትና ቫይታሚን ከፉርሽካው ጋር ይገፈዋል። ነጭ ሩዝ ሆድ ይሞላል፤ ደም አይተካም። ልጅቷ ስትወለድ ከእናቷ ይዛው የመጣችው የብረት ስንቅ ደግሞ በስድስተኛ ወሯ አካባቢ ያልቃል። ስለዚህ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ አድርግ። እህሉ ሩዝና ጤፍ፣ ገብስም ካለ ገብስ ይሁን። ጥራጥሬው ሽምብራ፣ ምስር ወይም ባቄላ ይሁን። ጥራጥሬው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፣ ይድረቅ፣ ለብ አድርጋችሁ አምሱት፣ ገለባውን አራግፉ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታስፈጩ፤ በክረምት ዱቄት ይሻግታል፣ የሻገተ ዱቄት ደግሞ ጉበት ይጎዳል። የሁለት ሳምንት ብቻ እየተፈጨ ይሂድ።

ጓያ እንዳይገባበት። ደግሜ ልበለው፣ ጓያ እንዳይገባበት። ሩዙ ከመታጨዱ በፊት በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያ መበተን የሜዳው ልማድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ውሃ ቢጠፋም ይበቅላል፣ ከሽሮ እህል ጋር ተቀላቅሎም ይፈጫል። ግን ሲዘወተር ጎልማሳን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። በደምቢያም በፎገራም በክፉ ዘመን ጓያ በልተው በዱላ የቀሩ ወጣቶችን አውቃለሁ። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ከፊትህ ጓያ ያስፈጨ ሰው ካለ መጀመሪያ ሌላ እህል ይለፍበት፣ የልጅቷ ከዚያ ይፈጭ።

ሰኔ 3 ቀን እንግዲህ ገንፎው ይሠራ። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። «ሕፃን ነች፣ ያንቃታል» ተብሎ እንደ ውሃ የቀጠነ አጥሚት ይሰጣታል። የሰባት ወር ልጅ ሆድ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ በአጥሚት ከሞላኸው የሞላኸው በውሃ ነው። ማንኪያውን ገንፎው ውስጥ ከተህ አውጣና ዘንበል አድርገው። እየተንጠባጠበ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፣ ዱቄት ይጨመር። ማንኪያው ላይ ቆይቶ በዝግታ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው። ከአክስትህ ቅቤ ወይም ከዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉበት፤ ገንፎውንም ያለሰልሰዋል፣ ጉልበትም ይሰጣታል። በመጀመሪያው ሰሞን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስምንት ወር ሳይሞላት በአንድ ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ትደርሳለች። ከዘጠኝ ወሯ በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በመካከሉ ደግሞ የበሰለ ማንጎ ወይም ፓፓያ ተፈጭቶ ይሰጣታል። ጡቱ እንዳለ ነው፤ እስከ ሁለት ዓመቷና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ስለ እንቁላል ስናነሣ፣ የአገሬው ዶሮ በዓመት ከ60 እንቁላል ብዙም አትዘልም። ሦስት ዶሮ ይኑርህ፤ በየቀኑ ባይገኝም በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ለልጅቷ ይደርሳታል። አሁን አክስትህ እንቁላሉን በገበያ ቀን ወረታ ትወስዳለች፣ በገንዘቡ ብስኩት ገዝታ ለልጅ ይዛ ትመጣለች። አተርፍ ባይ አጉዳይ ማለት ይህ ነው። ጠንክሮ የተቀቀለ አንድ እንቁላል ተፈርፍሮ ገንፎው ውስጥ ሲገባ የትኛውም ብስኩት አይደርስበትም። ሐምሌ ላይ ውሃው አምባዛን እስከ ማሳ ጫፍ ሲያመጣውም ልጆች አጥምደው ለመኪና መንገደኛ ይሸጡታል፤ አንዱን አስቀር። አጥንቱን በጣትህ እየዳበስህ አንድ በአንድ ልቀም፣ ሥጋውን አድቅቅ። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስትታረድ ጉበቷን የዘጠኝ ወሯ ልጅ ትብላው፣ በደንብ ይብሰልና ይድቀቅ። ከጓሮው ዱባና ጎመን አይጥፋ፤ ዱባ ለዓይኗ፣ ለቆዳዋም ነው።

ወተቱ ያሳዝነኛል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ዘር ናት፤ እንዳትጠፋ አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል መንጋ ይዞ ይጠብቃታል። ሩዙ ግጦሹን ሲወስደው የሜዳው ቤት ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። አንተ ግን አንዲት አለችህ። ጧት ከምትታለበው አንድ ሲኒ ለልጅቷ ለይ፤ ፈልቶ ገንፎዋ በእርሱ ይሠራ። ጥሬ ወተት በሽታ አለው፣ አይሞከር። በጡት ፋንታ የላም ወተት ማጠጣት ግን ዓመት ሳይሞላት አይሆንም፤ ብረቱ ጥቂት ነው፣ አንጀቷንም ያቆስላል።

ማር ዓመት እስኪሞላት በከንፈሯ አይድረስ። ለእኛ መድኃኒት የሆነው ማር ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ተህዋስ ለሕፃን አንጀት መርዝ ይሆናል። ጨውም አይጨመርላት። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረት ለዚህ ልጅ አይሠራም፤ ኩላሊቷ አልጠነከረም። ሻይና ቡና ብረቱን ይሰርቁባታል። ጠላ በጣት ማስላስ የሚወድ አንድ አጎት በየቤቱ አለ፤ እጁን ያዘው።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል። ልጅቷ ስምንት ወር ልትሞላ ሁለት ቀን ሲቀራት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ ድስቱ ላይ ነው። የቤቱ ሰው ይጾማልና ዕቃው እንዳይነካካ እንቁላሉና ወተቱ ሁለት ሳምንት ከቤት ይጠፋል፣ ልጅቷ ሳትጾም ትጾማለች። መፍትሔው ከአንድ ትንሽ ድስት አይበልጥም። ለእርሷ ብቻ የሆነ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሣህን፣ አንድ ማንኪያ ዛሬ ግዛ። ሣህኗ የራሷ ሲሆን ምን ያህል እንደበላችም ይታያል፤ ከትልቁ ትሪ ከታላላቆቿ ጋር ስትሻማ ማን ቆጥሮላት።

አበላሏ ትዕግሥት ይፈልጋል። አፏን ይዞ መጋት አይገባም። ጉልበትህ ላይ አስቀምጣት፣ ፊቷን እያየህ አውራት፣ ብትተፋው ሳቅ፣ ጥቂት ቆይተህ ድገም። አዲስ ምግብ ብዙ ጊዜ ካልቀመሰችው አትለምደውም። ከመብላቷ በፊት ያንተም የእርሷም እጅ በሳሙና ይታጠብ። የተረፈ ገንፎ ለማታ አይቆይ፤ አንተ ብላው።

ስትታመም ደግሞ ምግብ አይከልከል። ተቅማጥ ሲይዛት «ሆዷ ይረፍ» ብሎ ማስራብ የድሮ ስሕተት ነው። ጡቱ ይደጋገም፣ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ከጤና ኬላ ይምጣ፣ ስትድን ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ትብላ። እንጥል ቆራጭና የወተት ጥርስ ነቃይ ደጅህን እንዳይረግጥ፤ በዚያ ቁስል ጡት የተወ ልጅ አይቻለሁ። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር የሚባለው በሽታ ሊቦ ከምከምን ሲያምስ፣ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ባከነ! በምግብ የተጎዳ አካል እንዲህ ያለውን በሽታ አይችለውም፤ ይህን ያስተማረኝ ያ ዘመን ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይዛ ስትመጣ ስድስት ወር ያለፋት ልጅህን አውጥተህ አስለካ። ከ12.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቢጫው ላይ ካረፈ ምግቧን ጨምር፣ ምክርም ጠይቅ። ከ11.5 በታች ቀዩ ላይ ካረፈ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ሳይቃጠል በቅጠል። በስድስተኛ ወሯ ቫይታሚን ኤ፣ ጳጉሜ ላይ ዘጠኝ ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባት አለባት። ጳጉሜ ውሃው መንገድ ይዘጋልና ከወዲሁ በየት በኩል እንደምታሻግራት አስብ።

ሩዙን ሁሉንም አሁን አትሽጥ፤ በታኅሣሥ የሚገዛህ ነጋዴ ሰኔ ላይ መልሶ በውድ ይሸጥልሃል፣ ይህን ግን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ሽምብራው ከራስህ ማሳ ይውጣ። ምስርና ባቄላ ሜዳው ላይ ይወደድብሃልና እኔ ከሊቦ ደጋ ከሚወርደው ገዝቼ፣ ለቅሜ፣ ከጥር ሥላሴ በፊት በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። ስልቻውን ግን መልስልኝ፤ ያለፈውን አልመለስህም።